እርጥቡ ማኅተም

በእኛ አገር የምሥራች ይዞ የመጣ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም። ደጃፍ ላይ ቆሞ «ሱዩንቹ!» ብሎ ከጮኸ፣ ባለቤቱ ወሬው ምን እንደሆነ ሳይሰማ «ምን ልስጥህ?» ማለት አለበት። ሁለተኛ የደረሰ ግን ያንኑ ወሬ አሳምሮ ቢያወራው ሻይ እንኳ የሚቀዳለት የለም። እኔ ቃልባይ ደግሞ በዚህ ነገር ሁለተኛ ወጥቼ አላውቅም። የጎረቤታችን ሚስት ስትወልድ ከመስኮቱ ሥር ቆሜ የሕፃኑን አለቃቀስ አዳመጥኩና ወንድ መሆኑን ለየሁ። በፈረስ ተራራውን ዞሬ አባትየው ጋ ደርሼ፣ ኮፍያውን ከራሱ ላይ አውልቆ ሸልሞኝ ስመለስ አዋላጇ ገና መቀስ ትፈልግ ነበር።

በጎረቤታችን በኡዝቤኮች ዋና ከተማ፣ ታሽከንት ባለው ኤምባሲያችን ሹፌር ሆኜ ስቀጠር «የትምህርት ደረጃ» በሚለው መስመር ላይ «ስምንተኛ ክፍል፣ ሁለት ጊዜ» ብዬ ሞላሁ። ሁለት ጊዜ የተማረ አንድ ጊዜ ከተማረ ይበልጣል ብዬ ነው። አነዳዴን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከኤምባሲው ተነሥቼ አየር ማረፊያ ስደርስ የመኪናዋ ጥላ ገና መንገድ ላይ ይሆንና ቆሜ እጠብቀዋለሁ።

የዚያ ዓመት ሥራችን በግ ነበር። የእኛ ተራራ በግ ሞልቶታል፣ ታሽከንት ደግሞ ለአረፋ የሚያርደው ይፈልጋል፤ በመካከላቸው ያለው አንድ ድንበር ብቻ ነው። እነዚህን ሁለቱን ለማገናኘት ስንት ሰው እንደሚደክም ብታዩ! ኤምባሲው ደብዳቤ ይጽፋል። የውጭ ንግድ ማስፋፊያው መሥሪያ ቤት የእረኞቹን ስም ዝርዝር ከዋና ከተማችን ከቢሽኬክ ይልካል። የእንስሳት ሐኪሞቻችን ዝርዝሩ ላይ ማኅተም ይመታሉ። ከዚያ በኋላ የታሽከንቱ የእንስሳት ጤና ቢሮ የሸለቆውን ስም ፈቃድ ባገኙት መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ማንም የሌላውን ወረቀት ሳያይ የራሱን አይፈርምም። ስለዚህ ሁሉም ረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ፣ እርስ በርስ እየተመሰጋገኑ ይጠባበቃሉ።

ነገሩን የሚገፉት የንግድ አማካሪያችን ዛርልቤክ ባይኬ ነበሩ። እኛ ታላቃችንን በባዶ ስሙ አንጠራም፤ ወንዱን ባይኬ፣ ሴቷን ኤጄ እንላለን። ዛርልቤክ ባይኬ ፋይላቸውን ለማንም የማያሸክሙ፣ መኪና ውስጥ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ደብዳቤ የሚያርሙ ሰው ናቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ ስለዚህ በግ ያልገቡበት ቢሮ፣ ያልበሉበት ቤት የለም። ከማስፋፊያው መሥሪያ ቤት የተላከው አዝሬት ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ለአንድ ኤግዚቢሽን ያሠራው ፖስተር ላይ በጓ ጥርሷን አግጣ ትስቃለች።

«ወንድሜ፣ በግ እኮ ፊት ለፊት የላይ ጥርስ የላትም» ስለው፣

«ለገበያ ሲሆን አላት» አለኝ።

ይህ ሁሉ ድካም ለማን እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ምክንያቱም ስልክ የምትደውለው ለእኔ ነው። ቡሩልቻ ኤጄ ትባላለች። ሱሳሚር ሸለቆ ውስጥ የሠላሳ አንድ ቤት እረኞች ማኅበር ሊቀመንበር ናት። ባይኬን ለመጎብኘት ታሽከንት በመጣች ጊዜ እኔ ነበርኩ ከተማውን ያዞርኳት፤ ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ «እህሳ ቀጣፊው፣ የእኛ ነገር ከምን ደረሰ?» ትለኛለች። ጭንቀቷ ይገባኛል። ያለፈው ክረምት ድርቆሹን ጨርሶባቸዋል። ለሽያጭ የለዩአቸው ሁለት መቶ አሥር በጎች ለአረፋ ካልተሸጡ ለመጪው ክረምት ድርቆሽ አይገዛም፤ ድርቆሽ ከሌለ ደግሞ የቀረው መንጋ በረዶ ላይ ያልቃል። ከሱሳሚር እስከ ድንበሩ ረጅም መንገድ ነው፤ በጭነት መኪና ተራራ ለተራራ ዞሮ ወደ ቆላ መውረድ ነው። ባይኬ አስጠንቅቀዋታል፦ «ወረቀቱ ሳይወጣ አንዲት በግ እንዳትንቀሳቀስ።»

ሐሙስ ቀን ነው፤ አረፋ በሚቀጥለው ረቡዕ ይውላል። ባይኬን ከስብሰባ ወደ ኤምባሲ እየነዳሁ ሳለ ከኋላ ወንበር ስልካቸው ጮኸ።

«አቤት... ወጣ? እርግጠኛ ነህ? አልሃምዱሊላህ! ሦስት ሳምንት እኮ ነው... እሺ፣ እሺ። ዛሬ ወጣ። በቃ ወጣ!»

ስልኩን ዘጉና ራሳቸውን ወንበሩ ላይ ጥለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። በመስታወት አየኋቸው፤ ፈገግ ብለዋል። እኔ ባይኬን ፈገግ ሲሉ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው። አዝሬት ከሰማ ይቀድመኛል፤ ያ ሰውዬ ስልኩን ከእጁ አይለይም። ባይኬን በር ላይ አውርጄ ጥግ ያለው ሻይ ቤት ገባሁና ደወልኩ።

«ሱዩንቹ፣ ቡሩልቻ ኤጄ! ሱዩንቹ!»

«ማነው? ቃልባይ? ደግሞ ምን ፈጠርክ?»

«መጀመሪያ ስጦታዬን።»

ከወዲያ የነፋስ ድምፅና የውሻ ጩኸት ይሰማኛል።

«የበጎቹ ነገር ነው?» አለች፤ ድምጿ ሌላ ሆኗል።

«ስጦታዬን አልኩሽ!»

«የጥቁሯ ባዝራ ውርንጭላ ያንተ ነው። አሁን ተናገር፣ ልቤ ሳይቆም።»

«ወጣ! ፈቃዱ ወጣ!»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» ልል ስል ስታለቅስ ሰማኋት። ወዲያው ደግሞ አፍንጫዋን ጠረገችና እንደ ሊቀመንበር ሆነች።

«ቃልባይ፣ ቀልድህን ተወውና ንገረኝ። ወረቀቱን በዓይንህ አይተሃል?»

እዚህ ላይ «አላየሁም፤ ባይኬ በስልክ ሲያወሩ ነው የሰማሁት» ማለት ነበረብኝ። አሥር ቃል አይሞላም። ነገር ግን ውርንጭላ ለሰጠችኝ ሴት ባዶ «ወጣ» ብቻ መስጠት ስስት መሰለኝ።

«ማየት ብቻ? እጄ ላይ ነው እንጂ! ማኅተሙ ገና እርጥብ ነው። ይኸው አውራ ጣቴን ሰማያዊ አደረገው።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ።»

«ተባረክ» አለች። «ተባረክ የእናቴ ልጅ። ዛሬውኑ እናስጭናለን።»

ዓርብን እንደ ሙሽራ ዋልኩ። ለኤምባሲው ዘበኛ ስለ ውርንጭላዬ ነገርኩት፤ ጠዋት የነበረው ውርንጭላ ከሰዓት በኋላ ፈረስ ሆነ፣ ማታ ላይ የፕሬዚዳንት ዋንጫ በልቶ ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ባይኬ ደወሉልኝ። «ቶሎ ና» ብቻ አሉ። ስደርስ አዝሬት ክራባቱን ሳያስር ቢሮው ውስጥ ይንጎራደዳል። ባይኬ ቆመዋል።

«ሁለት ጭነት መኪና በግ ከኦሽ ወዲያ ያለው የድንበር ድልድይ ላይ ቆሟል» አሉ። «የእኛ ጠባቂዎች መውጫ ማኅተም መትተው አሳለፏቸው። ወዲያኛው ደግሞ ሸለቆው መዝገብ ላይ የለም ብሎ አላስገባም አለ። ቡሩልቻ ምን ነካት? ሐሙስ የወጣው እኮ ደብዳቤያችን ነው! ፈቃድ የሚጠይቀው ደብዳቤ! ሦስት ሳምንት መዝገብ ቤት ከርሞ ሐሙስ ወጣ። መልሱ ገና መቼ ታስቦ!»

መኪና ውስጥ የሰማሁት «ወጣ» ይኸው ነበር።

«ይመለሱ ታዲያ» አልኩ።

«ወዴት?» አለ አዝሬት። «አገር ለቆ የወጣ በግ ሲመለስ የውጭ አገር በግ ነው። ሃያ አንድ ቀን ለብቻው ታስሮ ካልተመረመረ አይገባም። ማሰሪያ በረት ደግሞ እዚያ የለም። ድልድዩ ላይ ነው ያሉት፣ ገባህ? ድልድዩ ላይ! አርባ አንድ ዲግሪ ነው!»

የሱሳሚር በግ ሰኔ ላይ እንኳ ጠዋት ጠዋት ውርጭ ረግጦ ነው የሚውለው። ፀጉሩ ወፍራም ነው፤ ላቱ ከኋላው እንደ ትራስ ይንጠለጠላል። ያንን ይዞ ፌርጋና ቆላ ሙቀት ውስጥ፣ ብረት ላይ መቆም ምን እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ፤ የእረኛ ልጅ ነኝ።

«ሴትየዋ ገበያ እንዳያመልጣት ቸኩላ ነው» አለ አዝሬት።

ባይኬ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ታውቃታለህ። እንዲህ ዓይነት ሴት ናት?»

«ድሮም ችኩል ናት» አልኩ።

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አውርቼው አላውቅም።

ቅዳሜን ሙሉ ቡሩልቻ ስትደውል ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። አሥራ አራት ጊዜ። አላነሣሁም። ባይኬ ለእሷ ለመደወል እንኳ ጊዜ ሳያገኙ በየቢሮው ደወሉ፤ ቅዳሜና እሁድ ስለሆነ የሚመልስላቸው የዘበኛ ድምፅ ነበርና ሰዎቹን በየቤታቸው ፈልገው አገኟቸው። የታሽከንቱ ሰዎች የእናንተ መሥሪያ ቤት ይጻፍልን ይላሉ፣ ቢሽኬክ ያሉት ኤምባሲው ይጻፍ ይላሉ፣ አምባሳደሩ ደግሞ ሐኪሞቹ ሳይጽፉ እኔ ምን ብዬ ልጻፍ ይላሉ። ሁሉም ለመርዳት ዝግጁ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ እንደዚያን ቀን ተባብረው አያውቁም፤ በጎቹ ግን ድልድዩ ላይ ናቸው።

እሁድ ጠዋት መልእክት ገባ። ከቡሩልቻ ነው። «ዘጠኝ ሞቱ። ሥራ በዝቶብህ ይሆናል ስልክ ያላነሣኸው። ያንን እጅህ ላይ ያለውን ወረቀት ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ ለጠባቂዎቹ ላሳያቸው። ደጎች ናቸው፣ ካዩ ያስገቡናል።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ባይኬ ቢሮ ስገባ አዝሬት ደብዳቤ አርቅቆ እያነበበ ነበር። «...ባለንብረቶቹ ከማንኛውም አካል ፈቃድ ሳይሰጣቸው፣ በራሳቸው ችኮላ...» ይላል።

«በዚህ ከላክነው የሸለቆው ጉዳይ አይበላሽም» አለ። «ጥፋቱ የእሷ ይሆናል። መጥፎ ነው፣ አውቃለሁ። ግን የሦስት ዓመት ሥራ በአንዲት ሴት ምክንያት...»

ባይኬ ብዕሩን ይዘዋል፤ አልፈረሙም። አልተውትምም። እጃቸው ወረቀቱ ላይ እንዳለ ነው።

«እኔ ነኝ የነገርኳት» አልኩ።

አዝሬት ሳቀ። ቀልድ መስሎታል፤ ከእኔ አፍ ሌላ ነገር ሰምቶ አያውቅም።

ባይኬ አልሳቁም። «ምን አልካት?»

«ፈቃዱ ወጣ አልኳት። መኪና ውስጥ ወጣ፣ ወጣ ሲሉ ሰምቼ።»

«እሷ በወሬ የምትነሣ ሴት አይደለችም። ሌላ ምን አልካት?»

«ወረቀቱን በዓይንህ አይተሃል ወይ አለችኝ።»

«አንተስ?»

«እጄ ላይ ነው አልኩ። ማኅተሙ እርጥብ ነው አልኩ።»

«እርጥብ» አሉ ባይኬ።

«ጣቴን አቀለመኝ አልኩ።»

አንድ ነገር ቢወረውሩብኝ ጎንበስ ልል ተዘጋጅቼ ነበር። የብዕሩን ክዳን ገጥመው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «መኪናዋን አስነሣ» አሉ። «ሾኪር አካ ቤት።»

«ባይኬ፣ ይህ እኮ ውጭ ከተሰማ ኤምባሲው ነው የዋሸው የሚባለው!» አለ አዝሬት እየተከተለን።

«ኤምባሲው አይደለም እንዴ?» አሉ ሳይዞሩ።

ሾኪር አካ የእንስሳት ጤና ቢሮው ኃላፊ ናቸው፤ አካ የኡዝቤኮች ባይኬ ነው። ግቢያቸው ውስጥ፣ የወይን ሐረግ ሥር ባለው የእንጨት መደብ ላይ እግራቸውን አጣጥፈው ሐብሐብ እየቆረጡ አገኘናቸው። ከየት መጣችሁ ሳይሉ ቦታ አበጁልን። የባይኬን ጤና፣ የሚስታቸውን ጤና፣ የአባታቸውን ጉልበት፣ የእኔን ጤና፣ የመኪናዋን ጤና ሳይቀር ጠየቁ። እኔ በእያንዳንዱ ሰላምታ አንድ በግ ሲወድቅ ይታየኝ ነበር።

«እንግዲህ» አሉ በመጨረሻ፣ «እሁድ ቀን፣ በዚህ ፀሐይ፣ ፊትዎ እንደዚህ ሆኖ... በግ ነው።»

«በግ ነው» አሉ ባይኬ፤ ሁሉንም ነገሯቸው። ምንም አልደበቁም። ሾኪር አካ ቢላዋውን አስቀምጠው ሰሙ።

«ደብዳቤያችሁ ዓርብ ደርሶኛል። ጉድለት የለበትም። ነገ ጠዋት መፈረም እችላለሁ፤ ሐኪምም ድልድዩ ድረስ እልካለሁ። ችግሩ ሌላ ነው። ያለ ፈቃድ የመጣ እንስሳ ለምን መጣ የሚል ወረቀት ከፋይሉ ጋር መያያዝ አለበት። መንግሥታችሁ ሂዱ ብሏቸው ከሆነ ጉዳዩ ከእኔ እጅ ወጥቶ ወደ ላይ ይሄዳል፤ እስከዚያ የሸለቆው ፋይል ይዘጋል። ሴትየዋ በራሷ መጥታ ከሆነ ደግሞ ማኅበሯ ለአንድ ዓመት ይታገዳል።»

«አንድ ዓመት ከታገዱ መንጋው አይተርፍም» አሉ ባይኬ።

«አውቃለሁ።»

«ሹፌር ከሆነስ የነገራቸው?» አልኩ እኔ።

ሾኪር አካ ገና አሁን ያዩኝ ይመስል አዩኝ። «በደንባችን ውስጥ ሹፌር የሚል ቃል የለም» አሉ።

«ስለዚህ?»

«ስለዚህ ማንም አልነገራቸውም ማለት ነው። የማንም ያልሆነ ቃል ሰምተው ተሳስተው መጡ። ሐኪም ያያቸዋል፤ ጤነኛው ይገባል።» ከዚያ ወደ ባይኬ ዘወር አሉ። «ግን ይህ ማንም ያልሆነ ሰው ከነገ በኋላ የኤምባሲ መኪና ይዞ ከተማ ውስጥ ከታየ፣ የሆነ ሰው ነው ማለት ነው።»

ባይኬ ወደ እኔ አላዩም። ወይኑን ነበር የሚያዩት። ሁለት ልጆች እንዳሉኝ፣ ሚስቴ ለቤት ኪራይ የምትተማመነው በእኔ ደመወዝ እንደሆነ ያውቃሉ።

«ወረቀት ይስጡኝ» አልኩ።

«እውነቱን ብቻ ጻፍ» አሉ ባይኬ ቀስ ብለው። «ምንም አትጨምርበት።»

እንደዚያ ያለ ከባድ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። እጄ በየመስመሩ ወደ ጎን ይሄድብኛል፤ ሻይ ቤቱን ልግለጽ፣ ውርንጭላውን ላንሣ ይላል። ሦስቴ ሰረዝኩ። በመጨረሻ አራት መስመር ሆነ፦ ሹፌር ነኝ። ያልወጣ ፈቃድ ወጣ ብዬ ለቡሩልቻ ተናገርኩ። ወረቀቱን ሳላይ አየሁ አልኩ። እንድናገር ያዘዘኝ የለም። ፈረምኩና ሰጠሁ። ሾኪር አካ አንብበው አጠፉት። ሐብሐብ አቀረቡልኝ፤ አልወረደልኝም።

ሰኞ ሾኪር አካ ቢሮው እንደተከፈተ ፈረሙ። ባይኬንና የታሽከንቱን ሐኪም ይዤ ታሽከንትን ከፌርጋና የሚለየውን ካምቺክ ተራራን አቋረጥኩ። በዚያ መንገድ ላይ የማልዋሽበት ዋሻ የለም፤ ዘንዶ ያየሁበት አለ፣ መንፈስ ያሳፈርኩበት አለ። የዚያን ቀን ግን የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነበር። ሐኪሙ አንድ ጊዜ «ሬዲዮ የለም?» አለ። ባይኬ «የለም» አሉት። ሬዲዮው ፊታቸው ነበር።

ድልድዩ ከመታየቱ በፊት ሸተተን።

ሁለቱ ጭነት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመዋል። በላያቸው ጆንያ፣ ብርድ ልብስ፣ አሮጌ ምንጣፍ ለጥላ ተወጥሯል። ከወዲህም ከወዲያም ያሉ ጠባቂዎች ሸሚዛቸውን አውልቀው ውኃ በባልዲ ይቀባበላሉ፤ ይህን የሚፈቅድላቸው ደንብ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ከመኪኖቹ ኋላ የሞቱት ተደርድረዋል። ሆዳቸው ተነፍቷል። ቡሩልቻ ኤጄ መካከላቸው ተቀምጣ በቢላዋ አንድ ነገር ትቆርጣለች።

ባይኬ ወረቀቱን ይዘው ወደ ጠባቂዎቹ ሄዱ። እኔ ወደ እሷ ሄድኩ። ባይኬ ቀድመው ስልክ ደውለው ሁሉንም ነግረዋት ነበር፤ ሌላ ሰው እንዲነግራት አልፈለጉም። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ፊቷ ላይ ያለው ቆዳ ተልጧል። ቀና ብላ አየችኝ።

«ማኅተሙ ደረቀ?» አለች።

ከዚያ በላይ አልተናገረችም፤ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የምትቆርጠው ጆሮ ነበር። እኛ ዘንድ እያንዳንዱ ቤት በበጎቹ ጆሮ ላይ የራሱ ምልክት አለው፤ አንዱ ጫፉን ይቆርጣል፣ አንዱ በጎኑ ይሰነጥቃል፣ አንዱ እንደ መቀስ አፍ ያወጣዋል። ባለቤቱ በጉ መሞቱን የሚያምነው ጆሮውን ሲያይ ነው። እያንዳንዱን ቆርጣ፣ በጨርቅ ጠርጋ፣ ጨው ያለበት የሸራ ከረጢት ውስጥ ትከታለች።

«ላግዝሽ» አልኩ።

«አይሆንም።»

ሐኪሙ በጎቹን አንድ በአንድ እያየ እስከ አመሻሽ ቆየ። መቶ ሰባ ሦስቱ በእግራቸው ቆመዋል፤ ሠላሳ ሰባቱ ሞተዋል። የቆሙትም ቢሆኑ ቢያዩአቸው የሱሳሚር በግ አይመስሉም፤ ላታቸው እንደ ባዶ ቦርሳ ተንጠልጥሏል። በዚህ ዓይነት የታሽከንት ሰው ምን ብሎ እንደሚገዛቸው ሁላችንም ገብቶናል። ቢሆንም ማገጃው ተነሣ። ቡሩልቻ ወንድሟን ከመኪኖቹ ጋር ላከችው። ጠባቂዎቹ አጨበጨቡ። አንደኛው መኪና ሲያልፍ አንዲት በግ በፍርግርጉ መካከል አፏን አውጥታ ጮኸች፤ ሌሎቹ አልመለሱላትም።

ባይኬ አጠገቤ መጥተው እጃቸውን ዘረጉ። የመኪናዋን ቁልፍ ሰጠኋቸው።

«አዝሬት ስለ ድልድዩ ሪፖርት ይጽፋል» አሉ። «አራቱ መሥሪያ ቤቶች በቅንጅት ሠርተው በሁለት ቀን ውስጥ ፈቃድ ያስገኙበት የመጀመሪያ ጭነት ይላል። ውሸት የለበትም።» ቁልፉን መዳፋቸው ላይ እያገላበጡ «እኔም እፈርመዋለሁ» አሉ። ከዚያ እንደ አባት ትከሻዬን ጨብጠው ሄዱ። ለመንዳት ወንበሩን ወደ ፊት ሲስቡት አየሁ፤ እግራቸው አጭር ነው።

ቡሩልቻ ኤጄ ሌላ የሚመለስ ጭነት መኪና አስቁማ ጠበቀችኝ። «ውጣ» አለችኝ።

«ወዴት?»

«ወደ ላይ። አንተ ለአንድ ቤት ነው የደወልከው። እኔ ለሠላሳው ዞሬ ሱዩንቹ አልኩ፤ እያንዳንዱ ቤት የሰጠኝን ብታይ። አሁን አንተ ትዞራለህ።» ከረጢቱን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ቀላል ነበር። ያን ያህል ቀላል ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም።

በማግስቱ ሱሳሚር ደረስን። ቀዝቃዛ ነው፤ ሣሩ እስከ ጉልበት ደርሷል። ቡሩልቻ ከመኪናው አልወረደችም። የመጀመሪያው ድንኳን የሳድርባይ ነው፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ሰው ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ ከቆላ የመጣ ሰው ሽያጩን ነው የሚያወራው።

«እህ ልጄ! ገቡልን?»

ከረጢቱን ፈትቼ፣ ቡሩልቻ እንዳመለከተችኝ፣ ጫፋቸው የተቆረጠና መሐላቸው የተሰነጠቀውን ለየሁላቸው። እጃቸውን ዘረጉ። ዓይናቸው ስለደከመ በአውራ ጣታቸው ጠርዙን እየዳሰሱ አነበቡት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አራተኛው ላይ ጣታቸው ቆየ።

«ይቺ ጠቦት ነበረች» አሉ። ቀጥለውም «ወረቀቱ አልወጣም ነበር?» አሉኝ።

«አልወጣም ነበር።»

«ታዲያ ለምን ወጣ አልክ?»

እንደ ልማዴ ቢሆን ለዚህ ጥያቄ ሰባት ዓይነት መልስ አለኝ፤ አንዱ ከአንዱ ያምራል። አንዱም አልመጣልኝም።

«ደስ እንዲላት ብዬ» አልኩ።

«ማን ደስ እንዲለው?» አሉ።

ሳድርባይ አራቱን ጆሮዎች መዳፋቸው ውስጥ ጨብጠው ወደ ድንኳናቸው ገቡ። ግባ አላሉኝም፤ ሂድም አላሉኝም። ከረጢቱን አሰርኩት። ውስጡ ገና ሠላሳ ሦስት ነበር፤ የሚቀጥለው ቤት ጭስ ከወንዙ ማዶ ይታያል፤ በሩ ላይ የቆመች ሴት እጇን ከዓይኗ በላይ አድርጋ ታየኛለች።